ጓዳችንን ላሻሻሉልን ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የጤና አገልግሎት ጽሕፈት ቤት የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ ኮምፒውተርዎም ፈጣን እንዲሆን እመኛለሁ። ቤተሰብዎም ደኅና እንዲሆን፣ በተለይም ወላጅ እናትዎ ስምዎን ሳይረሱ ብዙ ዘመን እንዲኖሩልዎ እመኛለሁ። ይህን የመጨረሻውን ምኞት ለአሽሙር እንዳልጻፍሁት እንዲያምኑኝ እለምናለሁ፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አሽሙር ያልሆነ ነገር ጥቂት ነውና ሲያገኙት እንዳያልፍዎ ብዬ ነው።

እኔ በማተሚያ ቤት የሰው ስሕተት ሳርም ዕድሜዬን የጨረስሁ ጡረተኛ አራሚ ነኝ። አሁን ሥራዬ ባለቤቴን ማስታመም ነው። ባለቤቴ የሒሳብ መምህርት ነበረች፤ ዛሬ ማንኪያ በየትኛው ጫፉ እንደሚያዝ ስታስብ ትቆያለች። ፋታ ሳገኝ ደግሞ ጽሕፈት ቤትዎ በሰርቨሩ ላይ ያስጠጋልንን «የአስታማሚዎች መድረክ» እጠብቃለሁ፤ ማለትም አዲስ ሰው ሲመጣ አስገባለሁ፣ ጠብ ሲነሣ እገላግላለሁ፣ የፊደል ግድፈት ሳይ ደግሞ እንደምንም እጄን እይዛለሁ። መድረኩ፣ የማስታወስ ችሎታቸው የከዳቸውን ወላጆችና የትዳር ጓደኞች በየቤቱ የሚያስታምሙ ሰዎች በኢንተርኔት የሚጻጻፉበት ቦታ ነው። ይህን የማስረዳዎ ምናልባት አያውቁ ይሆናል ብዬ ነው፤ በእርስዎ ዘንድ ስማችን «ተጠቃሚ» ብቻ ነውና።

በቅድሚያ ስለ ማሻሻያው ላመሰግንዎ ይገባል። የመድረኩ ፕሮግራም አርጅቶ ነበር፤ መታደስም ነበረበት። አሮጌ ነገር ሁሉ እንዳለ ይቀመጥ የምል ሰው አይደለሁም፤ ራሴም አሮጌ ስለሆንሁ ጣጣውን አውቀዋለሁ። ነገር ግን ቤት ሲታደስ ዕቃው አስቀድሞ ወጥቶ ጎረቤት ይቀመጣል፤ ቀለሙ ሲደርቅ ተመልሶ ይገባል። የእርስዎ ክፍል ቤቱን የቀባው ከነዕቃው ነው።

ዕቃ ያልሁት የቅንብር ፋይሉን ነው። የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፤ በገባኝ መጠን ግን ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ከፋብሪካ ሲመጣ ለማንም እንዲሆን ተደርጎ ነው፤ ለመኪና ሻጮችም፣ ለኳስ ደጋፊዎችም፣ ለእኛም። ማን ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደሚደበቅ፣ ምን እንደሚሰረዝ በአንድ ፋይል ውስጥ መስመር በመስመር ተጽፏል፤ የተቀበለውም ሰው እንደ ኑሮው ያስተካክለዋል። የእኛን ያስተካከለልን ከእርስዎ በፊት በዚያ ክፍል ይሠራ የነበረ፣ «አይቸኩሌ» እያልን የምንጠራው ባለሙያ ነበር። ይህ ሰው አንድ መስመር ከመለወጡ በፊት ስልክ ይደውላል። «ጋሼ፣ ሰዎቹ መነጽር ያደርጋሉ እንዴ?» ብሎ ጠይቆኝ ፊደሉን አተለቀው። «ጋሼ፣ ጽፎ ጽፎ ዝም ያለ ሰው ይሰረዝ ወይስ ይቆይ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ይቆይ አልሁት፤ እንዲቆይ አደረገው። በለወጠው መስመር ሁሉ አጠገብ፣ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣ ሰው ብሎ ምክንያቱን በአማርኛ ይጽፍ ነበር። ጓዳ የምንለውን ክፍል በሚዘጋው መስመር አጠገብ የጻፈውን ልኮልኝ አንብቤዋለሁ፦ «ይህን አትክፈቱ፤ እዚህ ሰዎች ያለቅሳሉ» ይላል። ከዚያ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ። እርስዎ መጡ፤ እንኳን ደኅና መጡ።

ቅሬታዎቼን የሥራ ጊዜዎን ላለመሻማት በቁጥር አቅርቤያለሁ።

አንደኛ። ማሻሻያው በተጫነ ማግሥት ጠዋት መድረኩን ስከፍት፣ ከላይ በትልቁ በባዕድ ቋንቋ «የመድረክዎ ስም እዚህ ይግባ» የሚል ጽሑፍ ተቀበለኝ። እኛ ስም ከሚጠፋባቸው ሰዎች ጋር የምንኖር ስለሆንን በዚህ ብዙም አልደነገጥንም። ፊደሉ ግን ጉንዳን አክሎ ነበር፤ በአማርኛ የነበሩት ቁልፎችም ሁሉ ባዕድ ሆነው ነበር። ከአባሎቻችን አንዱ የቀድሞ የመጋዘን ዘበኛ ነው። በዚያው ሰሞን ሚስቱ መንገድ ስታ ጠፍታ በሰው ርዳታ ስለተገኘች፣ አባላቱ ሁሉ «እንኳን ተገኘችልህ» እያሉ ጽፈውለት ነበር። እርሱም «መልስ» የሚለው ቁልፍ በነበረበት ቦታ የተተካውን እየተጫነ ለእያንዳንዳቸው ምስጋና ጻፈ። ቁልፉ ለካ «ክሰስ» ማለት ኖሯል። የፋብሪካው ቅንብር ደግሞ የተከሰሰ ጽሑፍ ሁሉ እስኪጣራ ድረስ ይደበቅ የሚል ነውና፣ ያጽናኑት ሰዎች ጽሑፍ አንድ በአንድ ከፊቱ ጠፋ። ደውሎ «ጋሼ፣ ምን አድርጌያቸው ነው ሁሉም ጥለውኝ የሄዱት?» አለኝ። የክስ ማመልከቻዎቹን ከፍቼ ሳይ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ኑሩልኝ» ይላሉ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ትሑት ከሳሽ አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ስላስተዋወቁኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። የፋብሪካው ቅንብር ለረጅም ጊዜ ዝም ያለን አባል ከነጽሑፉ ጠርጎ ያወጣል። ከተጠረጉት አንዷ አዋላጅ ነበረች። ባሏን እስኪሞት አስታምማ፣ ከእርሱም በኋላ ቆይታ ለእኛ ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት። ውሃ የሚፈራን ሰው እንዴት እንደሚያጥቡት ያስተማረችን እርሷ ናት፦ ውሃውን አታሳዩት፤ አስቀድማችሁ እጁን በሞቀ ፎጣ ያዙለት፤ ከእግሩ ጀምሩ፤ ፊቱን ወደ መጨረሻ አድርጉት፤ እናንተም አብራችሁ እርጠቡ። ባለቤቴን ዛሬም የማጥባት በእርሷ ቃል ነው። ጽሑፏ የት እንደደረሰ ብጠይቅ ከክፍልዎ የመጣልኝ መልስ «አካውንቱ ንቁ ስላልነበረ በደንቡ መሠረት ተወግዷል» የሚል ነበር። በዚህ አልከራከርም፤ አዋላጇ ንቁ አይደለችም። ከሞተች ቆይታለች። መጠባበቂያ ቅጂ የለም ወይ ብዬ ብጠይቅም፣ ቅጂው የነበረው እዚያው ሰርቨር ላይ ስለነበር አዲሱ ተጽፎበታል ተባልሁ። አባላቱ በየቤታቸው የገለበጡትን ጥቂት ሰብስበናል፤ የቀረው ቀርቷል። የመልስዎን አጻጻፍ ግን አደንቃለሁ፤ አንድም የፊደል ግድፈት የለውም።

ሦስተኛ። ጓዳው።

ከዚህ በኋላ አራተኛና አምስተኛ እያልሁ መቀጠል ነበረብኝ፤ አልቻልሁም፤ ይህ ነገር በቁጥር አልገባ ብሎኛል። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ እነግርዎታለሁ።

ጓዳ፣ ማንም አባል በጥያቄ ብቻ የሚገባበት ዝግ ክፍል ነው። ሰው በዘመድ ፊት የማይለውን እዚያ ይጽፋል፤ ያነበበውም አይፈርድበትም፤ አብዛኛው ጊዜ የሚሰጠው መልስ «እኔም» የምትል አንድ ቃል ናት። ሁሉም የሚጽፈው በቅጽል ስም ነበር። የእርስዎ ማሻሻያ ሁለት መስመር ወደ ፋብሪካው መለሰ፦ አንዱ ክፍሉን ለመላው ዓለም ከፈተው፣ ሁለተኛው ቅጽል ስሙን አንሥቶ ሰው ሲመዘገብ የሰጠውን ሙሉ ስም ከነአባቱ አስቀመጠ። የትኛው ይበልጥ እንደሚያስመሰግንዎ ሁለቱ መስመሮች ይከራከሩበት።

ከጓዳ ሰዎች አንዷን ሰፊዋ እንበላት፤ በቤቷ ልብስ ትሰፋለች። እናቷን ለዓመታት ብቻዋን ስታስታምም ኖራለች። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ እናትየው አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከወለሉ ላይ ክር ሲለቅሙ ይውላሉ፤ የለቀሙትን መልሰው ይበትኑታል፤ ደግሞ ይለቅሙታል። አንድ ቀን ሰፊዋ ጓዳ ገብታ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«ዛሬ ከሰዓት እናቴ ጋደም እንዳለች ትንፋሿን አዳመጥኩ። ይቁም ብዬ ተመኘሁ። ደክሞኛል። ከዚያ እግሯ ተገልጦ አየሁና ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጌ አለበስኳት። ነቃችና እጄን ይዛ የማን ልጅ ነሽ፣ እጅሽ ይሞቃል አለችኝ። ያንቺ አልኳት።»

ሰፊዋ ታላቅ ወንድም አላት፤ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከማሻሻያዎ በኋላ የወንድምየው ሚስት የሰፊዋን የልብስ ፎቶዎች ለጓደኛዋ ላሳይ ብላ ስሟን በስልኳ ስትፈልግ ያገኘችው ቀሚስ አይደለም። የፍለጋው ገጽ ከረጅም ጽሑፍ መጀመሪያውን ብቻ ቆርጦ ያሳያልና፣ ከሰፊዋ ሙሉ ስም ሥር የወጣው «ደክሞኛል» እስከሚለው ድረስ ያለው ነው። በማግሥቱ ወንድምየው አክስትና አጎት ሰብስቦ እህቱ ቤት መጣና ከስልኩ ላይ ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ተጭኖ ለማንበብ የእርሱም ልብ አልፈቀደ፣ ሌላም ሰው አላሰበው።

ሰፊዋ ከጓሮ ሆና ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም እንዳልላቸው ስሜ ከነአባቴ ተጽፏል። ውሸት ነው እንዳልላቸው እውነት ነው። ምን ልበላቸው?»

እስቲ ረጋ በይ፣ እኔ ላናግራቸው አልኋት። ስልኩን ሳትዘጋ ወደ ውስጥ ተመለሰችና «አዎ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት» ስትል ሰማኋት። ቀጥሎ የወንድሟ ድምፅ መጣ፦ «እንድትሞት ከምትጠብቅ ሰው ጋር እናቴን አላሳድርም።» እናትየውን በዚያው ሰዓት ከነትራሳቸው ወሰዷቸው። በር ላይ ሲደርሱ እናትየው ዞር ብለው ልጃቸውን አዩና በአክብሮት ጠየቋት አሉ፦ «ባለስፌቷ፣ ለቀሚሴ መቼ ልምጣ?»

ክቡር ኃላፊ፣ በዚህ ጊዜ ነው ቢሮዎ የመጣሁት። ያስታውሱ ይሆናል፤ ባለቤቴን ብቻዋን መተው ስለማልችል አብራኝ ነበረች። በኮሪደሩ ላይ ከነበሩት ወንበሮች አንዱ እግሩ ስለተነቀነቀ እኔ እዚያ ላይ ሚዛኔን እየጠበቅሁ፣ እርሷ ደኅናው ላይ ተቀምጣ ጠበቅንዎ። ሲወጡ ባለቤቴ ብድግ ብላ እጅዎን ያዘችና «እናትህ ደኅና ናት?» አለችዎ። «ደኅና ናቸው፣ እማማ» አሏት፤ ለዚህ ትሕትናዎ እስከ ዛሬ አመሰግንዎታለሁ፣ ይህም አሽሙር አይደለም። ወደ እኔ ሲዞሩ ግን እንዲህ አሉኝ፦ «አባቴ፣ ሲስተሙ በትክክል እየሠራ ነው። የቀድሞው ቅንብር ነው ከደረጃው ውጭ የነበረው። ቅሬታ ካለዎ በሲስተሙ ያስገቡ።» ስለ ሰፊዋ ልነግርዎ አፌን ስከፍት ስብሰባ ገቡ። ስብሰባው ስለ ተጠቃሚ እርካታ እንደነበረ በሩ ላይ ተለጥፎ አንብቤያለሁ።

ስንወጣ በኮሪደሩ ላይ አንድ ነገር ሰማሁ። ማን እንደነገረኝ አልናገርም፤ የክፍልዎ ግድግዳ ስስ ነው ብለው ይያዙልኝ። ለካ ማሻሻያው ሲጫን ፕሮግራሙ ራሱ መንገድ ላይ ቆሞ ጠይቆ ኖሯል፦ «ይህ ፋይል በእጅ ተስተካክሏል፤ የእናንተን ላቆይ ወይስ በአዲሱ ልተካው? ልዩነቱንስ ላሳያችሁ?» ብሎ። የጫነው ባለሙያ ወደ እርስዎ መጥቶ ምን ላድርግ ሲል፣ «ምን ያጠያይቃል፣ አዲሱ ይጫን፤ ሁሉም ወጥ ይሁን» አሉ። ስለዚህ በዚያ ቀን በክፍልዎ ውስጥ ስለ እኛ የጠየቀ አካል አለ ማለት ነው፤ ማሽኑ።

ግድግዳው ይህንንም ነገረኝ፦ የድሮው ፋይል አልጠፋም። ፕሮግራሙ አዲሱን ሲተካ የቀድሞውን በስሙ ላይ «የድሮ» የሚል ቅጥያ ጨምሮ እዚያው ጎኑ አስቀምጦታል። የአይቸኩሌ መስመሮች ከነምክንያታቸው እዚያ አሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍቶ፣ አዲሱ የሚፈልገውን ከአዲሱ፣ የእኛን ከእኛ አድርጎ ማስማማት ብቻ ነው የቀረው። ለዚህ ግን የእርስዎ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ጠየቅሁ። ጥያቄዬ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር፣ አንዱ ጋ ማኅተም ሲጎድለው፣ ሌላው ጋ ፈራሚው ፈቃድ ላይ ሆኖ ሲገኝ ሰነበተ። ጓዳውም በነዚያ ቀናት ሁሉ ተከፍቶ ዋለ። ጽሑፋቸውን ራሳቸው እንዲያጠፉ ለአባላቱ ደወልሁ፤ አንዳንዶቹ አጠፉ፤ አንዳንዶቹ የማጥፊያውን ቁልፍ አላገኙትም፤ ሰፊዋ «ምን ቀረ ብዬ ነው የማጠፋው?» አለችኝና ተወችው።

እናትየው ወንድምየው ቤት አልሆነላቸውም። የቤቱ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሚስትየው የምትችለውን አድርጋለች። እርሳቸው ግን የሚለቅሙት ክር አልነበራቸውም፤ በሩን ያንኳኳሉ፣ ልሂድ ይላሉ፣ የማያውቁት ወንድ ሊያለብሳቸው ሲጠጋ ይማታሉ። የማያውቁት ወንድ ልጃቸው ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት በሩ ክፍት ተገኘ። ወንድምየው መኪናውን ጭነቱን እንደያዘ አቁሞ በእግሩ ሲፈልግ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተሰልፈው አገኛቸው። በነጠላ ጫማ፣ ተራቸውን ጠብቀው ቆመዋል። ወዴት ነው ሲላቸው «ባለስፌቷ ጋ፤ ቀጥራኛለች» አሉት። እጃቸውን ሲይዝ ጮኹ። ሰው ተሰበሰበ፤ አንድ ጎልማሳ የወንድምየውን ጃኬት ጨምድዶ ይዞ «ምኗ ነህ?» አለው። «ልጇ ነኝ» አለ። ሰውየው ወደ እናትየው ዞሮ «ልጅዎ ነው?» ሲላቸው፣ ትክ ብለው አይተውት «አላውቀውም» አሉ።

ፋይሉ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ፈቃድዎ በመጣ ቀን፣ ለባለቤቴ ሻይ አፍልቼ እስኪበርድላት በጠበቅሁበት ጊዜ ውስጥ ሥራው አለቀ። ፊደላችን ትልቅ ሆነ፣ ቁልፎቻችን አማርኛ ተናገሩ፣ ጓዳው ተዘጋ። ያስተካከለው እጅ ይባረክ።

ጥቂት ቆይቶ፣ ከሥራዬ አንዱ አዲስ የሚመጣን ሰው ማስገባት ነው ብዬዎት የለ፣ አንድ ማመልከቻ መጣልኝ። «ሹፌር ነኝ። እናቴ አላውቀውም አለችኝ። ለቤት ሰው መናገር አልቻልኩም። የት ነው የሚጻፈው?» ይላል። ማን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ክፍሉ እህቱ የምትጽፍበት ስለሆነ በራሴ ሥልጣን ላስገባው አልፈለግሁም፤ ደውዬ ጠየቅኋት። የስፌት መኪናው ሲንኳኳ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ቆመና «ይግባ ጋሼ» አለች፤ «ግን መጀመሪያ የኔን ያንብብ። እስከ መጨረሻው።»

ገባ። አነበበ። በዚያው ቀን ከሰዓት መኪናውን እህቱ በር ላይ አቁሞ ወረደ። የሆነውን የነገረችኝ እርሷ ናት። በሩ ላይ ቆሞ «ብርድ ልብሱን አላየሁትም ነበር» አላት። «ጠይቀኸኝ ቢሆን እነግርህ ነበር» አለችው። ለመግባት አልደፈረም፤ እርሷም ግባ አላለችውም። እናትየው ከመኪናው ጋቢና ውስጥ ነበሩ፤ ሁለቱ በሩን ከፍተው፣ አንዱ በዚህ ሌላዋ በዚያ ክንዳቸውን ይዘው አወረዷቸው።

አሁን እናትየው ወደ መስኮቱ ሥር ተመልሰዋል። ወንድምየው መንገድ በማይወጣበት ቀን ይመጣል፤ እህቱ ተኝታ ታርፋለች፤ እርሱ ክር ይበትናል፣ እናቱ ይለቅማሉ። እንዳይሳሳቱብኝ፣ ታርቀዋል አላልሁም። በአክስትና በአጎት ፊት የተነበበ ነገር በዚያው ጆሮ ውስጥ ይቀራል፤ ሰፊዋም ከዚያ ወዲህ ጓዳ ገብታ አንድ ቃል አልጻፈችም። የአይቸኩሌ ፋይል ክፍሉን ዘግቶልናል፤ እርሷን ግን መልሶ የሚያስገባ መስመር የለውም።

የምጠይቅዎ ካሳ አይደለም። ይቅርታ ይጠይቁንም አልልም፤ እርሱም ቅጽ ሊኖረው ስለሚችል ፈራሁት። ወደፊት ማሻሻያ ሲኖር ሦስት ነገር ብቻ እንዲደረግልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ፦ የተስተካከለው ፋይል አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ ይገልበጥ፤ መጠባበቂያ ቅጂውም ከዚያው ሰርቨር ላይ አይቀመጥ፤ ማሽኑ ሲጠይቅ ደግሞ ሰው ይመልስለት፣ መልሱ ካልታወቀም ይደወልልን። ስልኬ ክፍት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ፤ የምሄድበት የለኝም።

በአገልግሎትዎ ዘመን ሁሉ ወጥነትን እንዲያገኙ፣ ደረጃዎም ከፍ ከፍ እያለ እንዲሄድ፣ እኛም ከሥር ሆነን አንገታችንን አቅንተን እንድናይዎ እየተመኘሁ፣ የቅንብርዎ አንዲት መስመር ለመሆን እንኳ ያልበቃሁ፣ ነገር ግን በክቡርነትዎ ስሕተት ላይ ቀይ እስክሪብቶ ከማንሣት እስከ ዛሬ የታቀብሁ፣

አክባሪዎ
ጡረተኛው አራሚ፣
የአስታማሚዎች መድረክ ጠባቂ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽሑፍ እንዳዘዙኝ በሲስተሙ ላስገባ ሞክሬ ነበር፤ የቅሬታ ሣጥኑ ከሁለት አንቀጽ በላይ አልቀበልም ስላለ ለሕዝብ ግልጽ አደረግሁት። የሰውን ጓዳ ለሕዝብ ግልጽ ማድረግ ከክፍልዎ የተማርሁት ነው። ከማውጣቴ በፊት ግን ለሰፊዋም፣ ለወንድሟም፣ ለዘበኛውም ደውዬ፣ አንብቤላቸው፣ አውጣው ሲሉኝ ነው ያወጣሁት። ይህንን ከማን እንደተማርሁት አሁን አላስታውስም፤ ከየት እንዳልተማርሁት ግን አስታውሳለሁ።